ቁጭ ማለት ያቃታት አራስ ጠባቂ

ቀኝ እግሬ አያርፍም። ታክሲ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሲያናግረኝ ደግሞ ይብስበታል። እናቴ "እሳት ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?" ትለኝ ነበር። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ግን ዴስክ ላይ መቀመጡ ራሱ ያስጨንቀኝ ነበር።

ሲኤምሲ አካባቢ፣ ሴቶች ብቻ ጭንቀታቸውን ለማቅለል የሚመጡበት የዌልነስ ማዕከል ውስጥ ፎጣ አጥባለሁ፣ ምንጣፍ አጸዳለሁ። ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ብለው ይተነፍሳሉ። አንድ ቀን የማዕከሉ ባለቤት "ነይ፣ አንቺም ሞክሪ፣ ለጭንቀት ጥሩ ነው" ብላ ከኋላ አስቀመጠችኝ። ወዲያው እግሬ ወለሉን መደብደብ ጀመረ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዓይናቸውን ሲገልጡ ተነስቼ ወጣሁ። ፎጣ እያጠብኩ፣ እዚያ ያለው ሰላም ለእኔ ዓይነቷ አይደለም ብዬ አሰብኩ። ግን ከማዕከሉ መራቅም አልሆነልኝም። ሴቶቹ ትከሻቸው ቀለል ብሎ ሲወጡ አያለሁ። ያንን ለሌላ ሰው ማድረግ እመኝ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። በር ለበር የምንተያየው ጎረቤቴ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ እናቷም ሊያርሷት ከወልቂጤ መጡ። አራስ ብቻዋን አትተውምና አንድ ቅዳሜ እናትየው በሬን አንኳኩ።

"ልጄ፣ ገበያ ደርሼ እስክመለስ ከእሷ ጋር ቁጭ በይልኝ። እንዳትነሳ። በሩንም አትክፈቱ፣ ብርድ ይመታታል።"

"እሺ፣ እማማ" አልኩ። እምቢ ማለት አልችልበትም።

ክፍሉ የገንፎና የቅቤ ሽታ ታፍኖበታል። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ሕፃኑ ተኝቷል፤ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ ጀመረ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የአጃ ብርጭቆ ከማንኪያው ጋር መንቀጫቀጭ ያዘ። ጉልበቴን በሁለት እጄ ጫንኩት።

"ተዪው" አለችኝ ሳትዞር።

"ምኑን?"

"እግርሽን። እዚህ ቤት የሚንቀሳቀስ እሱ ብቻ ነው።"

ከዚያ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። የሚመጣው ጠያቂ ሁሉ ዙሪያዋን ከቦ ይቀመጣል፤ ብዪ፣ ተኚ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይላታል። "ልጄን ሳየው ምንም አይሰማኝም" አለች። "ይኼ ለማን ይወራል? ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይሯሯጣል። ተኚ ሲሉኝ ይብስበታል።"

የሚሯሯጠውን ነገር አውቀዋለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

"ልነሳ?" አልኳት።

"ተነሺ። እኔስ?"

"እናትሽ ይገድሉኛል።"

"እናቴ ለሽንኩርት ሳትከራከር አትመለስም። ጊዜ አለን።"

ክንዷን ያዝኳት። ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ቀስ እያልን ዞርን። ስትደክም እንቆማለን። እኔም ክፍሌ ውስጥ እንደዚህ እንደምዞር፣ የሚሯሯጠውን ነገር ስታገለው እንደሚብስብኝ፣ አብሬው ስራመድ ግን እንደሚለቀኝ ነገርኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ የማፍርበት ነገር ብቻ ነበር። የማውቀው ነገር መሆኑ የገባኝ ለእሷ ሳወራ ነው።

በሩ ተከፈተ። እናትየው ዘንቢላቸውን እንደያዙ ቆሙ።

"አራስ ጠብቂ አልኩሽ እንጂ ወታደር አሰልጥኚ አልኩሽ?"

ጎረቤቴ ሳቀች። እናትየው ዘንቢሉን አስቀምጠው ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ አላዩዋትም ነበር። "ጋቢ ደርቢላት እንጂ ታዲያ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስመለስ እየገባሁ አብረን እንዞራለን። ያስጨነቃትን ነገር ለጤና ጣቢያዋ ነርስ እንዴት እንደምትነግራት የተለማመደችው እየተራመድን ነው። ነገረቻት፣ ክትትልም ጀመረች። አንዳንድ ቀን ደህና ናት፣ አንዳንድ ቀን አይደለችም። ከልጁ ክርስትና በኋላ ሕፃኑን አዝላ በብሎኮቹ መሃል መዞር ጀመርን።

እኔን ግን ሌላ ነገር ያንቆራጥጠኝ ጀመር። ፎጣ ታቅፌ የማዕከሉ ባለቤት ቢሮ በር ላይ እደርስና እመለሳለሁ። አንድ ቀን ራሷ ብቅ ብላ "ምን ፈልገሽ ነው?" አለችኝ።

"ለወለዱ ሴቶች... መቀመጥ የሌለበት ሰዓት ቢኖር።"

"ማን ያሠራቸዋል?"

ወደ እግሬ አየች። እግሬ ሥራውን ይዟል።

"ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ባዶ ነው" አለች። "ሐኪም የፈቀደላቸው ብቻ ይምጡ።"

ቅዳሜ ጥቂት ሴቶች መጡ። ጎረቤቴ እናቷንም ይዛ መጥታ ነበር። ሁሉም ቆመው አፌን ሲያዩ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። መሬት መሬት አየሁ። ከጥግ የእናትየው ድምፅ መጣ።

"እኛ ቤት አላርፍ ያለችው ልጅ፣ ዛሬ ምነው ደረቀች?"

ሴቶቹ ሳቁ። እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አልያዝኩትም።

"ቁጭ አንልም" አልኩ። ድምፄ ከኋላ ላሉት የደረሰ አይመስለኝም። ጎረቤቴ ግን ሰምታ መራመድ ጀመረች፤ እኔም ከጎኗ ገባሁ።