የግራ ክንዱ ልክ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን የምትለካው በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣባት ነበር። እሱ ካናቴራውን አውልቆ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ይቆማል። እሷ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ ታወርድና መጀመሪያ ቀኝ ክንዱን፣ ቀጥሎ ግራውን ትለካለች። ቁጥሩን ስትጠራ እሱ ከበሩ ጀርባ በእርሳስ ይጽፋል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረዋል። የበሩ ጀርባ ሞልቶ ቁጥሩ ወደ መቃኑ፣ ከመቃኑም ወደ ግድግዳው ተሻግሯል። አንድ ጊዜ ቀለም ቀቢ መጥቶ «ይሄን ላጥፋው?» ቢላቸው ባልና ሚስቱ ባንድ አፍ «እንዳትነካው!» ብለው ሰውዬውን ከመሰላሉ ሊጥሉት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሳይጋቡ ነው። እሱ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ፣ ቀን የብረታ ብረት መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ብረት የሚያነሳ ሰው ነበር። «ቀኑን ሙሉ ብረት ተሸክመህ አልበቃህም?» ይሉታል። «የቀኑ የጌታዬ ነው፣ የማታው የራሴ» ይላል። በሰውነት ግንባታ ውድድር ቀርቦ በአንድ ነጥብ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። ምክንያቱን ቢጠይቅ ዳኞቹ ማጅራታቸውን እያሻሹ «ጥሩ ነህ፣ ብቻ ትንሽ ሚዛን ይጎድልሃል» ከማለት በቀር የቱ ጋ እንደጎደለው የነገረው የለም። ጓደኞቹም «ተበድለህ ነው፤ ዳኞቹ በልተው ነው» እያሉ አጽናኑት። በሳምንቱ ሸሚዝ ሊያሰፋ ወደ ልብስ ሰፊዋ ገባ። ቀኙን ለካች፣ ግራውን ለካች፣ ደግማ ለካች።

«ግራህ በሁለት ሳንቲ ሜትር ያንሳል» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«ያንሳል አልኩህ። እና ምን ይሻላል? እጅጌውን እኩል ልቁረጠው ወይስ እንደ ክንድህ ላበላልጠው?»

ልጁ እዚያው በቆመበት ሳቀ። ሰው ሁሉ ያድበሰበሰበትን ነገር እሷ እንደ ዋዛ ተናገረችው። ኋላ ለምን እንዳገባት ሲጠይቁት «ሌላው አሞገሰኝ፣ እሷ ለካችኝ» ይል ነበር። እሷ ደግሞ ከማዶ ሆና «እኔማ ጨርቅ እንዳይባክንብኝ ነው» ትላለች።

ሁለቱን ሳንቲ ሜትር ለመሙላት ሁለት ዓመት ፈጀበት። እኩል የሆነበት እሑድ ሠርግ የተጠራ ያህል ደስ ብሏቸው ነበር የዋሉት። ወደ ውድድሩ ግን አልተመለሰም። መጋዘኑን ለቀቀና ከግቢያቸው ጀርባ በቆርቆሮ የተሸፈነ ጂም ከፈተ። የመጀመሪያዎቹን ክብደቶች በቀለም ጣሳ ሲሚንቶ እየሞላ ራሱ ነው የሠራቸው። ጥንድ ጥንዱን እየመዘነ፣ የከበደውን በሞረድ እየፋቀ እኩል ያደርጋቸዋል። ሰፈርተኛው ይህን አይቶ «ጋሼ ሚዛን» አለው፤ እናት አባቱ ያወጡለት ስም በዚያው ተረሳ።

ወደ እሱ የሚመጣው እንደ ሌላው ጂም መወፈር የሚሻ ብቻ አልነበረም። አንድ ትከሻው የወረደ የጭነት ሠራተኛ ይመጣል። ቤቱ መስተዋት ፊት በልምድ ሲያነሳ ኖሮ ቀኝ ደረቱ ብቻ ያበጠ ጎልማሳ ይመጣል። ጋሼ ሚዛን ረጅሙን ዘንግ ከእጃቸው ይቀማል። «በአንድ ዘንግ ሁለት እጅ ሲያነሳ ብርቱው ለደካማው ይሸከምለታል። ደካማው ተንጠልጥሎ ይኖራል፤ አንተም አነሳሁ ትላለህ» ይላቸዋል። ከዚያ ለእያንዳንዱ እጅ ለየብቻ አጭር ብረት ይሰጣል። ሕጉ አንድ ነበር፦ ደካማው ይጀምር፤ ደካማው ስምንት ካነሳ ብርቱውም ከስምንት አይለፍ።

በዚህ ሕግ በጣም የሚማረረው በቅጥነቱ «ሽቦ» የሚሉት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነው።

«ጋሼ፣ ቀኜን ገና አልደከመውም እኮ!»

«አይድከመው። ወንድሙን ይጠብቅ።»

«እስከ መቼ? ጡረታ እስክወጣ?»

«አንተ ሽቦ፣ መጀመሪያ የሚጠብቅም የሚጠበቅም ጡንቻ ይኑርህ፤ ከዚያ ትከራከራለህ።»

የጋሼ ሚዛን ታላቅ ወንድም የሞተው ባለፈው ዓመት ነው። አባት ሆኖ ያሳደገው እሱ ነበር። ጋሼ ሚዛን ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ሆኖ ቀብሮ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣም። ጺሙ አደገ፤ ጂሙ ተዘጋ። የመጀመሪያው እሑድ ሲደርስ ሚስቱ «ዛሬስ ይቅርብን» አለችው።

«አይ፣ ለኪኝ። ይሄ እንኳ እንደነበረው ይሁንልኝ» አለና ዐይኑን ጨፍኖ ቆመ።

ቀኙ አርባ አንድ ሆነ። ግራው ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል። አላመነችም፤ ሜትሩን አጥፋ ዘርግታ ደግማ ለካች። ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል።

«ስንት ነው?» አላት ዐይኑን ሳይገልጥ።

ቀና ብላ ፊቱን አየች። በዚያች ሰዓት ያ ፊት አንዲት ጥሬ የምታህል ክብደት ቢጨምሩበት የሚችል አልመሰላትም።

«አርባ አንድ» አለች።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ዐይኑን ገለጠና ጻፈው። «እሱስ ደግ ነው» አለ።

ሐዘን ነው ያከሳው፤ ሲበላና ሲተኛ ይመለሳል ብላ ራሷን አሳመነች። በሚቀጥለው ወር ክንዱ ሲመለስ የዋሸችውም ያን ጊዜ እውነት ይሆናል። በሚቀጥለው ወር ግን ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ያን ቀን ብትናገር ያለፈውን ወርም መናገር ሊኖርባት ነው። እሷ ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቀዋለች፤ የተጣመመ ስፌት የሚተረተረው እዚያው ትኩሱን ነው፤ ገበር ከለበሰ በኋላ ልተርትር ቢሉ ካፖርቱን ሁሉ ማፍረስ ይመጣል። ስለዚህ «አርባ አንድ» አለች። በሦስተኛው ወርም፣ በአራተኛውም።

ክንዱ ሲከሳ የሸሚዙ ግራ እጅጌ መርገብገብ ጀመረ። እሱ ጂም ሲገባ ጠብቃ አምስቱንም ሸሚዞቹን አወጣችና ግራ ግራውን እጅጌ በውስጥ በኩል በጣት ስፋት አጠበበች። ለሙሽራ እንኳ ያን ያህል ተጠንቅቃ ሰፍታ አታውቅም።

ሰውየው ግን ደንዝዞ አልነበረም። የውሃ ጆግ ከግራ እጁ አምልጦ ተሰበረ። ቁልፍ ማዞር ያቅተው ጀመር። አንድ ቀን እጅጌውን ሰብስቦ ወደ እሷ መጣ።

«አንቺ፣ ዐይኔ ነው ወይስ ይሄ ነገር ቀንሷል?»

እሷ ከመኪናዋ ቀና አላለችም። «አምሳን አልፈህ እንደ ጎረምሳ ልትሆን ነው እንዴ? ዕድሜ ነው። ሜትሩ እንደሆነ ያው ነው።»

«ሜትሩ ያው ነው ካለ እንግዲህ» አለና እጅጌውን መለሰ።

በመስተዋት አምኖ አያውቅም ነበር። መስተዋት እንደ ዕለቱ ስሜትህ ነው፣ የእሷ ሜትር ግን አያዳላም ባይ ነው። ልኩ ካልቀነሰ ጉልበቱ ለምን ቀነሰ? ለዚህ የሚያውቀው መልስ አንድ ብቻ ነበር፦ ስንፍና። የሰነፈ እጅ ደግሞ ሥራ ይጨመርለታል። ለግራው ለብቻው ሦስት ዙር ጨመረ፤ ከራስ በላይ የሚገፋውን ከባዱን ብረትም አከለበት። በራሱ ሕግ መሠረት ግራው አምስት ሲያነሳ ቀኙንም በአምስት አቆመው። በዚህ ምክንያት ጤነኛው ክንድ ታናሹን እየጠበቀ አብሮት ይወርድ ጀመር። ይህንንም ያየው ሜትሩ ብቻ ነው። እሷ አርባ አንድ፣ አርባ አንድ እያለች ትጠራለች፤ እሱ ይጽፋል።

በአሥራ አንደኛው ወር አንድ ቀን ለሽቦ እያሳየው ሳለ ብረቱ ከግራ እጁ ወልቆ ከሽቦ እግር አጠገብ አረፈ።

«ውይ ጋሼ! ያለችኝን እግር ደግሞ ልትወስዳት?» አለ ሽቦ እየዘለለ። ወዲያው ግን ሳቁን ተወው። «እስቲ እጅህን።»

«ተወኝ፣ ላብ ነው ያንሸራተተኝ።»

«ጣቴን ጨብጠው። ጠበቅ አድርገህ።»

«ጨበጥኩህ እኮ።»

ሽቦ ጣቱን ከጭብጡ ያለ ችግር መዞ አወጣው። «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። እምቢ ካልክ ለእትዬ ነው የምነግራት።»

እትዬ ግን ከስፌት መኪናዋ ሆና በመስኮቱ ሁሉንም ትሰማ ነበር። ጠዋት ከሽቦ ቀድማ ነጠላ ጫማዋን ቀይራ በር ላይ ቆመች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ክርኑን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገች፤ አንገቱን አዞረች፤ ያስነሳችውን ፎቶ ወደ መብራቱ ያዘች። «ጡንቻዎ አልሰነፈም» አለችው። «ትእዛዝ አልደርሰው ብሎ ነው። አንገትዎ ላይ ነርቩ ተጨቁኗል፤ በላይ በላዩ የሚገፉት ብረትም አባብሶታል። መቼ ነው የጀመረዎት?»

«በቅርቡ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሚስቴ ለክታኛለች፤ እኩል ነበር።» ይህን ሲል እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ እንኳ ኩራት ነበረበት።

ሐኪሟ ክንዱን ደግማ ዳሰሰች። «በሦስት ሳምንት እንዲህ ከሆነ ዛሬ ነገ ሳይባል ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፤ በጊዜ የተደረሰበት ይመለሳል። የቆየ ከሆነ ግን አንገት መክፈቱ አደጋ አለው፤ ክንዱን የመመለስ ተስፋውም ትንሽ ነው። ስለዚህ በደንብ ያስታውሱ።»

«ምን አስታውሳለሁ፣ ግድግዳ ላይ ተጽፏል እኮ!» ወደ ሚስቱ ዞረ። «ንገሪያታ።»

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ነበር የተቀመጠችው። ውሸቷን ብትገፋበት ለከንቱ አንገቱን ሊከፍቱት ነው።

«አሥራ አንድ ወሩ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ወንድምህ የሞተ ጊዜ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ነበር። በወሩ ሠላሳ ዘጠኝ። ከዚያ ሠላሳ ስምንት ተኩል...» የአሥራ አንዱንም ወር ልክ አንድ ሳትስት ለወለሉ ነገረችው። «አሁን ሠላሳ አራት ነው።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «በሁለተኛው በሦስተኛው ወር መጥተው ቢሆን...» ብላ ጀመረችና ሁለቱን ስታያቸው ተወችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሽቦ ነገሩ ገብቶት ወደ ሥራው ተገነጠለ። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ሄዱ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ወደ እሷ ዞረ።

«ሌላስ የደበቅሽኝ አለ?»

«ሸሚዞችህን... ግራ እጅጌውን አጥብቤዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«አምስቱንም።»

መንገዱ መሐል ቆመና የለበሰውን እጅጌ ጠርዝ ገልብጦ ስፌቱን አየው። «ሸጋ ስፌት ነው» አለ። ቢጮህባት በወደደች። «አዝነሽልኝ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«አውቃለሁ። የሚያዝንልኝማ መች ጠፋ» አለና መንገዱን ቀጠለ።

አንገቱ አልተከፈተም። ጂሙ ግን አልተዘጋም። እሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይቆጥራል፤ አነሳሱን የሚያሳየው አሁን ሽቦ ነው፤ «በመጨረሻ አሰልጣኝ ሆንኩ፣ ጉድ በሉ» እያለ። ጋሼ ሚዛን አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ሕጉን ይነግረውና አንድ ነገር ያክልበታል፦ «መጀመሪያ ግን ደካማ ነው ወይስ ታማሚ ብለህ ጠይቅ። እኔ ሳልጠይቅ ነው ክንዴን የገረፍኩት።» ማን እንዳታለለው ለአንድም ሰው ተናግሮ አያውቅም።

ቤት ውስጥም አላኮረፈም። ይበላል፣ የሰፈሩን ወሬ ያወራታል፣ አልፎ አልፎም ያስቃታል። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። «ውሃው ፈልቷል» ስትለው «እሺ» ይላታል፤ ቀጥሎ ተነስቶ ክዳኑን ከፍቶ ያያል። «ዝናብ የለም፣ ጃንጥላውን ተወው» ስትለው «እሺ» ይላል፤ ከዚያ ጭንቅላቱን በበሩ አውጥቶ ሰማዩን ያያል። ሆን ብሎ አይመስልም፤ ማድረጉንም የሚያውቅ አይመስልም። በዚህ ምክንያት ልትናገረው አልቻለችም። ምን ብላ?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቅርጫቷን አንስታ «ልብሱ ደርቋል፣ ላስገባው ነው» አለችው።

«እሺ» አለ። ቅርጫቱን ከእጇ በቀስታ ተቀበላትና ወጣ። በመስኮቱ አየችው። ቅርጫቱን መሬት አኑሮ በደህናው እጁ ከገመዱ ጫፍ ጀመረ፤ አንሶላውን ዳሰሰ፣ የትራሱን ልብስ፣ ቀሚሷን፣ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ። ሁሉም ደርቆ ነበር። የመጨረሻው ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆመና ተመልሶ እንደገና ከአንሶላው ጀመረ።