አማቴ እስኪድኑ ድረስ የተፈቀደ በር

መኪናዋን የገዛኋት ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ከተዛወረ የመንግሥት ሐኪም ነው። አሮጌ ናት። አሮጌ ስል፣ ኖኅ መርከቡን ባይሠራ ኖሮ በእሷ ይሳፈር ነበር ማለቴ ነው። በዚያ ዘመን አሰላ ውስጥ የግል መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ እኔ የጨርቅ ሱቅ ያለኝ ተራ ሰው በአንድ ጀንበር ባለሥልጣን የሆንኩ መሰለኝ። ችግሩ፣ መኪና ስለ መግዛት እንጂ የት እንደምትቆም አላሰብኩበትም ነበር።

ቤታችን ከትልቁ መንገድ ዳር ነው። በመንገዱና በአጥራችን መካከል ግን የጎርፍ ቦይ አለ፤ ክረምት ላይ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ውሃ በሬ ከነቀንበሩ ይዞ ይሄዳል። ሰው የሚገባው ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተረማምዶ በጠባብ በር ነው። ስለዚህ መኪናዋ ውጭ ትቆማለች። የአሰላን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሞተሯን ለማስነሳት የሰፈሩ ሰው ግማሹ ይገፋል፣ ግማሹ ይመክራል። ጅብም የወንበሯን ቆዳ ቀመሰው። አልጥም ቢለው ነው መሰለኝ መሪውን ትቶልኛል።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። አንድ ቀን ግን የማዘጋጃ ቤቱ ተላላኪ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ክረምት ሳይገባ መንገዱና ቦዩ ስለሚጠረጉ፣ እስከ ሰኔ መባቻ መኪናዋን ካላነሳሁ ተጎትታ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ በረት ትገባለች ይላል። በረቱ ባለቤት የጠፋባቸው አህዮች የሚታጎሩበት ነው። መኪናዬ ከአህያ ጋር ታጉራ ስትታይ፣ የከተማው ሰው ደግሞ አጥር ላይ ተደግፎ ሲስቅ በዓይነ ኅሊናዬ መጣብኝ። እኔ በሌላው ስቄ የማድር ሰው ነኝ፤ ብድሩን ለመቀበል ዝግጁ አልነበርኩም።

በዚያው ቀን በገዛ እጄ ማመልከቻ ጻፍኩ፦ አጥሬን ከፍቼ፣ ቦዩ ላይ ድልድይ ሠርቼ፣ መኪናዬን ግቢዬ ላስገባ። ሦስት መስመር ነበር። በሳምንቱ ተመለሰልኝ። ጀርባው ላይ «በትልቁ መንገድ በኩል ያለ አጥር ከባድ ምክንያት ከሌለ አይፈርስም» የሚል ተጽፎበታል።

ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከጥዱ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው የሚውሉ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። ወረቀቴን አንብበው ሳይጨርሱ በሁለት ጣት ይዘው መለሱልኝ።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?»

«ማመልከቻ ነው ጌታዬ።»

«ይሄማ የዕቃ ዝርዝር ነው። እንባው የት አለ?»

«መኪና ማስገባት ምን እንባ አለው?»

«ቤትህ ማን ማን ይኖራል?»

«ባለቤቴና አማቴ።»

«አማትህ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«እሳቸውም አያውቁት። ስልሳን የዘለሉ ይመስለኛል።»

«በቃ» አሉ ብዕራቸውን ቀለም እየነከሩ። «አሁን ማመልከቻ አለህ።»

ጽፈው ሲጨርሱ ድምፃቸውን እያንቀጠቀጡ አነበቡልኝ። አማቴ ከአልጋ ከዋሉ ዘመን ተቆጥሯል። እህል ባፋቸው አይዞርም። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ነፍሳቸው ከበር ደርሳ ትመለሳለች። ወደ ሆስፒታል በቃሬዛ ሲወጡ ጠባቧ በር ጎናቸውን እየላጠች፣ ግንዱ ከተሸካሚዎቹ እግር ሥር እየተንከባለለ፣ ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ወድቀዋል። በዚህ ሰዓት መኪና በደጃፋቸው ቢቆምላቸው ግን… እኔ ራሴ አለቀስኩ። አማቴን እንደዚያን ቀን አዝኜላቸው አላውቅም።

ማመልከቻውን አስገብቼ ቤት ስደርስ አማቴ ጓሮ ውስጥ የባሕር ዛፍ ግንድ በመጥረቢያ ይፈልጣሉ። እኒህ ሴትዮ ቢፈልጉ ጠዋት ተነሥተው በእግራቸው ሩቁ ዴራ ከተማ ደርሰው ለምሳ ይመለሳሉ። እውነቱን ልንገራቸው አልኩና መጥረቢያውን አየሁት። ነገ ይሻላል ብዬ ተውኩት።

ጥፋቴ እሱ ነው። በእኛ ከተማ ማመልከቻ ከሹሙ በፊት ተላላኪው እንደሚያነበው፣ የተላላኪው ሚስት ደግሞ የአማቴ የማኅበር ጓደኛ እንደሆነች ረስቼዋለሁ። በማግስቱ ከቀትር በፊት የሰፈሩ ሴቶች አጥሚት በጆግ፣ ቅቤ በቅል ይዘው ግቢያችንን ሞሉት። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት የአርሲ ሽማግሌም ማር አስይዘው መጡ።

«አካም ጅርቱ፣ እማማ?» አሉ ሽማግሌው ገና ከበሩ፤ እንዴት ነዎት ማለታቸው ነው። ቀና ሲሉ አማቴ መጥረቢያ ሰቅለው ቆመዋል። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ አማቴ።

«ታመሙ ሲሉን ደንግጠን መጣን።»

«ማን ታመመ?»

«እርስዎ ነዎታ» አለች የተላላኪው ሚስት። «እህል ባፋቸው ካልዞረ ዘመን ተቆጠረ አሉን።»

አማቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ በዚያ ሰዓት ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሰማዩን እየመረመርኩ ነበር። ከዚያ መጥረቢያው ሲቀመጥ ሰማሁ። አማቴ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጎበጥ አሉ።

«እህህ… ዛሬ ትንሽ ቀለል ቢለኝ ነው» አሉ። «እስቲ አጥሚቱን ወዲህ በሉት። ቅቤ አለው?»

እንግዶቹ ሲሄዱ አማቴ እግር ላይ ልወድቅ ስል ከለከሉኝ።

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«እነማን፣ እማማ?»

«አይተው የሚፈቅዱት ናቸዋ። ሰው ሊያሳምም የተነሣ ቀኑን ማወቅ አለበት።»

ከሌላ አገር ለማዘጋጃ ቤቱ ተመድቦ የመጣ ወጣት መሐንዲስ ተላላኪውን አስከትሎ መጣ። ቦዩን ለካ፣ አጥሩን ለካ፣ ከዚያ በሽተኛዋን ማየት አለብኝ አለ። አማቴ ሦስት ጋቢ ደርበው፣ ግንባራቸውን በሻሽ አስረው ተኝተዋል። ምንም ሳይጠየቁ ይቅርታ መስጠት ጀመሩ። ባለቤቴን ይቅር አሏት። እኔን፣ ትንሽ ቆይተው፣ ይቅር አሉኝ። ቀጥለው የመሐንዲሱን እጅ ያዙ።

«አንተንም ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ።»

«ምን በድያቸው?» አለ ደንግጦ ወደ እኔ እያየ።

«በሩን የከለከልከኝ እንደሆነ ብዬ ነው» አሉ አማቴ። «ያን ጊዜ አፌ ተይዞ ይሆናል፤ በቁሜ ልጨርስ ብዬ።»

መሐንዲሱ ባርኔጣውን አወለቀ።

ፈቃዱ በግንቦት መጨረሻ ደረሰኝ፤ ማኅተሙ ግማሽ ገጽ ይሸፍናል። ደስታዬ እስከ ሁለተኛው አንቀጽ ነው የቆየው። በሩ የተፈቀደው በሽተኛዋ እስኪድኑ ድረስ ነው። የዳኑ እንደሆነ አጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሁኔታውም በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ይጣራል። ይህን ለአማቴ ሳነብላቸው ሁለተኛውን አንቀጽ ድገምልኝ አሉኝ። ደገምኩላቸው። ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታ ሳይ አህዮቹ ይሻሉኝ ነበር አልኩ።

ድልድዩን ሠራሁ፣ ባለ ሁለት ተከፋች በር አቆምኩ፣ መኪናዋ ገባች። ኑሮዬ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በአማቴ ጤንነት ላይ ተንጠለጠለ።

«ዛሬ ጎበሳ ገበያ ውሰደኝ» ይላሉ።

«መንገዱ ጭቃ ነው፤ ይቺ መኪና አትችለውም እማማ።»

«ግድ የለም፣ በእግሬ እሄዳለሁ። በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ነው የማልፈው።»

እወስዳቸዋለሁ። ከልጃቸው ጋር የተጣላሁ እንደሆነ ምግብ ላይ «ዛሬስ ምኔንም አላመመኝ» ይላሉ ለራሳቸው የሚናገሩ መስለው፤ ወዲያው እታረቃለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ማዘጋጃ ቤቱን እስኪያልፉ በምርኩዝ እየተንቀጠቀጡ፣ ካለፉ በኋላ ምርኩዙን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ነው። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። መሐንዲሱም በየዓመቱ እየመጣ ይቅር እየተባለ ይመለስ ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ ምርመራው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አማቴ ጠዋት ከአልጋ አልተነሡም።

«እማማ፣ ነገ እኮ ነው የሚመጣው» አልኳቸው። «ዛሬ ለምን ይደክማሉ?»

«ለእሱ አይደለም» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር። ግንባራቸውን ብነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ትንፋሻቸው ያፏጫል። ያ ሁሉ የማመልከቻ እንባ ትዝ አለኝ፤ በወረቀት የጠራሁት በሽታ አድራሻውን ይዞ የመጣ መሰለኝ።

መኪናዋን ላስነሣ ሮጬ ስወጣ መሐንዲሱ በሩ ላይ ቆሟል፤ ቀኑን አስቀድሞ ነበር። በቀጥታ ወደ ውስጥ ገባና አልጋውን አይቶ ሳቀ።

«ዘንድሮስ አሳመሩት፣ እማማ» አለ።

አማቴ ዓይናቸውን ገልጠው አዩት፤ መልሰው ከደኑ። ይቅር አላሉትም። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ለምን ዝም አሉኝ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልሱንም ከፊቴ አነበበው።

ኮቱን አውልቆ ወረወረ። በጋቢ ጠቅልለን ተሸክመን የኋላ ወንበር ላይ አስተኛናቸው። ሞተሩ እንደ ልማዱ እንቢ አለ። የመንግሥት መሐንዲስ ከባለቤቴና ከፊት ለፊቱ ሽማግሌ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መኪናዬን ሲገፋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ድልድዩን ስንሻገር አንድ ጫማው ቦይ ውስጥ ቀረ። አማቴ ግን ጎናቸው ምንም ሳይነካ፣ በሰፊው በር ወጡ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ብሎ መርፌ ጀመረላቸው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። በአምስተኛው ቀን መሐንዲሱ ብርቱካን ይዞ ጠየቃቸው፤ ሲወጣ በረንዳው ላይ ያዝኩት።

«ከመቼ ጀምረው ነው ያወቁብን?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አለ። «መጥረቢያው ከአልጋው ሥር ይታይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ፈቀዱ?»

«ይቅር ካሉኝ በኋላ እንዴት ልከልክል?» ብሎ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። በሩ ለዘለቄታው ተፈቅዷል፤ ከባድ ምክንያት መኖሩንም በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ፈርሞበታል።

ሮጬ ገብቼ ለአማቴ አነበብኩላቸው።

«አሁን መዳን ይፈቀድልኛል ማለት ነው?»

«ይፈቀድልዎታል፣ እማማ።»

ብርቱካናቸውን ልጠው ጨረሱ። «ሳትጠይቀኝ መቀበል አልነበረብህም» አሉ በመጨረሻ። «ከእንግዲህ በምን ላስፈራራህ ነው?»

ቤት ከገቡ በኋላ በመጣው የገበያ ቀን፣ ቁርሴን እየበላሁ በመስኮት ሳይ፣ አማቴ ነጠላቸውን ለብሰው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠዋል። አልጠሩኝም፤ ስለ ጤናቸውም ምንም አላሉ። የጎረስኩትን ዋጥ አድርጌ ወጣሁና መግፋት ጀመርኩ።