እስከ አፉ የተሞላ ሲኒ

ባለፈው እሁድ፣ አስፐን ሂል በተደረገው የአክስቴ ልጅ ምርቃት ላይ፣ አጎቴ ጋሼ ታደሰ ያንን የተለመደ ወሬያቸውን ደገሙት። «ኡዝቤክ ጎረቤቶች ነበሩን። እንግዳ ጠርተው ሻይ በጠብታ!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን የዚያን ጊዜ የሆነውን አስታወስኩ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ገና ከአገር ቤት እንደመጣን፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ እንኖር ነበር። ዲልኖዛ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ከሴት አያቷ ጋር ትኖር ነበር፤ እዚህ አገር ያገኘኋት የመጀመሪያ ጓደኛዬ ናት። ቅጠል መርገፍ የጀመረ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ እኔን፣ እማዬንና ጋሼን ምሳ ጠሩን። ገና ደረጃው ላይ የካሮትና የከሙን ሽታ ተቀበለን። በትልቅ ሳህን ሩዝ፣ ላዩ ላይ የበግ ሥጋና ያልተፈለፈለ ነጭ ሽንኩርት ነበር። አያቷ ክብ ዳቦ በእጃቸው ቆርሰው አደሉን። ከዚያ አረንጓዴ ሻይ እጀታ በሌለው ሰፊ ሲኒ፣ ከግማሽ በታች ቀድተው፣ ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አቀረቡልን።

«ይቺ ክኒን መዋጫ ናት?» አሉ ጋሼ በአማርኛ። እማዬ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

«ምን አሉ?» አለች ዲልኖዛ።

«ሻዩ ይጣፍጣል አሉ» አልኳት።

ደስ አላት። «አያቴ ትንሽ የምትቀዳው ደጋግማ እንድታስተናግዳችሁ ነው። ሲኒውን ከሞላችው፣ ጠጥታችሁ ሂዱ ማለቷ ነው።»

ይህን ለቤተሰቤ አልነገርኩም። ታላቅን ማረም ነውር መሰለኝ።

በሳምንቱ እኛ ጠራናቸው። እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ዶሮ ስትሠራ አረፈደች። ምግቡ ሳይቀርብ ጋሼ ቴርሞሱን አነሡ። «ሻይ እንዴት እንደሚቀዳ ላሳያቸው!» አሉና የዲልኖዛን አያት ሲኒ እስኪፈስ ሞሉት።

ዲልኖዛ አየችኝ። ልማዳቸውን እንደማውቅ ታውቃለች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን አቀረቀርኩ። አያቷ ሻዩን ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑና ተነሡ። ዶሮው ምድጃው ላይ እንዳለ ከዲልኖዛ ጋር ሄዱ።

«ምን ነካቸው?» አለች እማዬ።

«እንጃ» አልኩ።

ሰኞ ዲልኖዛ የትምህርት ቤቱ ባስ ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አብረን ተቀምጠን አናውቅም።

ባለፈው እሁድ፣ ምርቃቱ ላይ፣ ሳቁ ሳይበርድ ተነሥቼ የጋሼን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላሁት።

«ተባረኪ! ሻይ እንዲህ ነው!» አሉ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ለእነዚያ ሴትዮ እንዲህ አድርገው የቀዱላቸው ጊዜ፣ ከቤታችን ውጡ ነው ያሏቸው። እኔ አውቅ ነበር።»

ጋሼ ብርጭቆውን ሊያነሡ ሞከሩ፤ ከመሙላቱ የተነሣ እጃቸው ላይ ፈሰሰ።