በእኛ ማዋለጃ ክፍል ሕፃን ሞቶ አያውቅም

ያኔ አዋሳ በምንላት ከተማ፣ እኔ በነርስነት በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ ተወልዶ የሞተ ሕፃን አልነበረም። የሞቱት ሁሉ ሞተው የተወለዱ ነበሩ። ኃላፊያችን በየወሩ ስብሰባ ላይ ይህንን ሲናገር ድምፁ እንኳ አይንቀጠቀጥም፤ እኛም እናጨበጭባለን። በደርግ ጊዜ የማይጨበጨብለት ነገር አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕፃን ተወልዶ፣ አልቅሶ፣ ውሎ ሳያድር ቢሞት፣ በር ላይ ለሚጠብቁት ቤተሰቦች «ሞቶ ነው የተወለደው» ይባላል። ለበላይ አካልም የሚነገረው ይኸው ነው። ተወልዶ ሞተ ከተባለ «ምን አደረጋችሁት?» የሚል ይመጣል። ሞቶ ተወለደ ከተባለ ግን የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ፈጣሪን ደግሞ ስብሰባ ጠርቶ የሚገመግም የለም። ቤተሰቡም ቢሆን ይቀለዋል፤ ትንፋሽ ላልነበረው ልጅ ድንኳን አይጣልም፣ ሐዘን አይቀመጡም። ሁሉም ተስማምቶ ይኖር ነበር። እኔን ብቻ አንጀቴን ያሳርረኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

በሽታው ምን እንደሆነ ደግሞ ዓይኔ እያየ ነው። ብርድ ነው። የማዋለጃ ክፍሉ መስኮት ወደ ሐይቁ ያያል፤ የተሰበረውን መስታወት በካርቶን ደፍነነዋል፤ ክረምት ሲገባ ነፋሱ ካርቶኑን አልፎ ይመጣል። ለመስኮቱ መስታወት የለም፤ ለአጥሩ መፈክር ቀለም ግን ጠፍቶ አያውቅም። ላምባ ካለቀ ውሃ አይሞቅም፣ ላምባ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ሕፃኑ እትብቱ እንደተቆረጠ የሚታጠበው በዚያ ውሃ ነው።

የሚያጥቡት ዋናዋ አዋላጃችን ነበሩ፤ ከሰሜን የመጡ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ እትዬ የምንላቸው ሴት። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው የሚቸኩሉት ለእናትየው ክብር ነው። ሕፃን ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየውን ነጭ ቅባት ብዙ ሰው ባልና ሚስት በመጨረሻዎቹ ወራት አብረው የመተኛታቸው ምልክት ያደርገዋል። አማት ገብታ ያንን ካየች ምራትየዋ አንገቷን ደፍታ መኖሯ ነው። ስለዚህ እትዬ ማንም ሳይገባ በፊት ሕፃኑን ፈትገው ያጥባሉ። ቅባቱ ከብርድ የሚጠብቀው ልብሱ ነው ብዬ ስነግራቸው «አንቺ ገና ሳትወልጂ!» ብለው ያስቁብኛል።

በሐምሌ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ የምትኖር የአስተማሪ ሚስት ወለደች። የመጀመሪያዋ ነው። ልጁ ከሲታ ቢሆንም ጩኸቱ ኮሪደሩን ሞላው። እትዬ አጠቡት። ከንፈሩ ጠቆረ፣ ድምፁ አነሰ፤ በነጠላ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ባደርገውም አልሞቅ አለ። ከሰዓት በኋላ ሞተ።

እትዬ በር ላይ ለአማትየዋ የተለመደውን ተናገሩ። እናትየው ከአልጋዋ ቀና ብላ «ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ» አለች።

«የሌላ ሰው ልጅ ነው የሰማሽው፣ ልጄ» አሏት እትዬ።

በዚያ ቀን ከእሷ ሌላ የወለደች አልነበረችም። ሴትየዋ ባዶዎቹን አልጋዎች አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «አልቅሷል» ልል ስል እትዬ ክንዴን ጨብጠው ወደ ኮሪደሩ አወጡኝ። «ሐዘን ጨምሪባት አሁን!» አሉኝ።

በወሩ ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። ልጁ በሕይወት ተወልዶ በብርድ መሞቱን ተናገርኩ። እጥበቱ እስከ ማግስት ይቆይ፣ መስኮቱም ይሠራ አልኩ። ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ጓዲት፣ በሕይወት ያልተወለደ እንዴት አድርጎ ይሞታል?» አለኝ። ከዚያ የጤና ጣቢያውን ስም አጉድፈሻል ተብዬ ግለ ሂስ እንዳደርግ፣ ማለትም ሰው ፊት ቆሜ ራሴን እንድወቅስ ታዘዝኩ። «ጥፋቴ ጆሮዬ መስማቱ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ እንኳ አንድም ሰው አላጨበጨበም። መስኮቱም አልተሠራም።

በዓመቱ፣ ደግሞ በክረምት፣ ያቺው ሴት ሆዷ ገፍቶ መጣች። ጥግ ይዛኝ «ሲስተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለች። «እዚህ ልውለድ ወይስ ቤቴ? ይህኛውም ካለቀሰ በኋላ ሞቶ የተወለደ እንዳይሆንብኝ።»

ምን ልበላት? ቤቷ ሆና ደም ቢፈሳት ማን ይደርስላታል? «እዚህ ውለጂ፤ ልጅሽን አላስነካም» አልኳት። ካልኩ በኋላ ጨነቀኝ። የማላዝበት ክፍል ውስጥ ነው ቃል የገባሁት።

ስትወልድ እትዬም እኔም ነበርን። ሴት ልጅ ናት፤ እንደ ወንድሟ ከሲታ፣ እንደ ወንድሟ ጯሂ። እትዬ ሳፋውን ይዘው ሲቀርቡ እኔ ሕፃኗን በደረቅ ጨርቅ አደራርቄ፣ ከነቅባቷ የእናቷ ደረት ላይ አስተኝቼ፣ ጋቢ ደረብኩባቸው።

«ነውሯን አደባባይ ልታወጪው ነው?» አሉ እትዬ በሹክሹክታ።

«ይውጣ!» ብዬ ጮኽኩ። ጩኸቴን ሰምታ አማትየዋ ዘው አለች። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ነጩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። እናትየው ጋቢውን መልሳ ሳበችው።

«ነውሩ የእኔ ይሁን» አለች። «አትግለጡብኝ፤ ይበርዳታል።»

አማትየዋ ወደ መስኮቱ ሄዳ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ በካርቶኑ ጠርዝ በኩል ነፋስ የሚገባበትን ወተፈችው።

በማግስቱ ሕፃኗ ሞቃ፣ ጡት ይዛ፣ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲነሡ እናትየው ኮሪደሩ ላይ እትዬ ፊት ቆመች። «የፊተኛው አልቅሶ ነበር?» አለቻቸው።

እትዬ ሕፃኗን አዩ። «አልቅሷል፣ ልጄ» አሉ።

እናትየው ሕፃኗን እንደታቀፈች አግዳሚው ላይ ዝርፍጥ ብላ ማልቀስ ጀመረች። አማትየዋ ደረቷን እየመታች በሲዳምኛ ሙሾ አወጣች። እትዬም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያነባሉ። ዓመት የዘገየ ለቅሶ ጤና ጣቢያውን ሞላው።

ኃላፊው ከቢሮው ሮጦ ወጣ። «ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

እዚያ ቤት ስሠራ ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«የአምናው ልጅ» አልኩት።