ሽንኩርት የሞላው ገንዳ

በመካነ ሰላም ከተማ፣ ዳገቱ ላይ ባለው ላይ ሰፈር፣ የመታጠቢያ ገንዳ ያለው የእትዬ ጠይባ ቤት ብቻ ነው። ጅዳ የሰው ቤት ሲያጸዱ ኖረው ሲመለሱ፣ ለራሴም እንዲህ ያለ ይኑረኝ ብለው ነጭ ገንዳና የሚያብረቀርቅ ቧንቧ አስገጠሙ። ቧንቧው ግን ጠብታ አያውቅም፤ የከተማው የውሃ መስመር ዳገቱን አልወጣም። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ ሽንኩርት ያስቀምጣሉ። እኛ ጎረቤቶቻቸው ሽንኩርቱ ዛሬ ገላውን ታጠበ ወይ እያልን እናሾፋለን፤ እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ። ወገባቸው ግን አይስቅም። ውሃ የሚቀዱት ገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ነው፤ ሐኪም ሸክም ይብቃዎት ካላቸው ቆይቷል።

መስመሩን ዳገት ለማውጣት ከተማው ብድር ጠየቀ። መንግሥት ለከተሞች የውሃ ሥራ የሚያበድረው ገንዘብ አለ፤ የሚመለሰውም ተጠቃሚው በየወሩ ከሚከፍለው ነው። ጠያቂው ብዙ ስለሆነ ባለሙያዎች እየዞሩ ያያሉ፤ ይበልጥ የተጠማው ይቀድማል።

ባለሙያዎቹ ሊመጡ ነው ሲባል እኛ ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? ውሃ ቀዳን። እንግዳ መጥቶ የሚታጠብበት ሊያጣ ነው እንዴ? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አህያ ተዋውሶ በርሜሉን ሁሉ ሞላ፤ አቧራ እንዳይነሳባቸው ግቢው ሳይቀር ተረጨ። እንግዶቹ ታጥበው፣ በልተው፣ ተመርቀው ተሸኙ። ብድሩ ለሌላ ከተማ ሆነ። ላይ ሰፈር ውሃ ሞልቷቸዋል ተባለ። በገዛ እጃችን ነው፤ እኔ እስካሁን ያናድደኛል።

በሚቀጥለው ዙር እትዬ ጠይባ ማንም ትርፍ ጀሪካን እንዳይቀዳ አስማሉን። የመጣው አህመዲን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነው። አቧራ ለብሶ ደጃፋቸው ቆመና እጁን የሚታጠብበት ውሃ ጠየቃቸው። እትዬ ጠይባ ጭንቅ ያዛቸው። እንግዳን ውሃ የለም ማለት ነውር ነው፤ መስጠት ደግሞ ያው የአምናው ጥፋት። ትንሽ አሰቡና ባዶ ጀሪካን አስያዙት።

«አብሽር ልጄ፤ ና አብረን እንቅዳ።»

ወረዱ። ሲመለሱ ጀሪካኑን የተሸከመው እሱ ነው፤ ዳገቱ ላይ እየደጋገመ አረፈ። ቤት ሲደርሱ ማስታጠቢያ አቀረቡለት። ጣቶቹን ብቻ አርጥቦ የቀረው ይቀመጥ አላቸው። ከመሄዱ በፊት ገንዳውን አሳዩትና ሽንኩርቱን ላውጣው ወይስ ይቆይ ብለው ጠየቁት። ውሳኔው የእኔ ብቻ አይደለም አለና አቀርቅሮ ሄደ።

ክረምቱ ሲወጣ ስልካቸው ጠራ። አጠገባቸው ስለነበርኩ ድምፁ ለእኔም ተሰማኝ፤ አህመዲን ነው።

«እትዬ ጠይባ፣ ሽንኩርቱን ያውጡት።»

ስልኩን እንደያዙ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ምን አስለቀሰዎት የሚላቸው ሰው ካለ፣ ሽንኩርቱ ነው ይላሉ።