ከሁለት ቤት የመጣ ገንፎ

ክፍሉን ከዓይኔ በፊት ያወቀው እግሬ ነው። ጫማዬን በር ላይ አስወልቀው ሲያስገቡኝ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ እስከ ጉልበቴ ወጣ። ቀጥሎ አፍንጫዬ። ቦታው ማቆያ ከመሆኑ በፊት የእህል መጋዘን ስለነበር፣ ከሰው ላብና ከባልዲው ሽታ ሥር የስንዴ ሽታ ነበረው። ግድግዳውና ወለሉ በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ተረስተው የቀሩ ፍሬዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ በቅለዋል፤ ቀጫጭን፣ ነጣ ያሉ፣ ወደ ትንሿ መስኮት የዘመሙ። ሰዎቹን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የተያዝኩት በግጥም ነው። ጎባ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነበር ያነበብኩት፤ ሪባን ተቆርጦለት፣ ተጨብጭቦለት፣ ውሃ ስላልወጣለት ቧንቧ። ሰው ሳቀ፤ አንዱ በስልኩ ቀረጸ። በማግስቱ ሮቤ ላይ ከባጃጅ ስወርድ ሁለት ሰዎች በስሜ ጠርተው ሰላም አሉኝ። መርማሪው ደጋግሞ የጠየቀኝ ማን እንዳጻፈኝ ነበር። ማንም አላጻፈኝም ስለው አላመነኝም። ትምህርቴን አቋርጬ፣ ከሰው በተዋስኳቸው መጻሕፍት ብቻ መጻፍ የለመድኩ ነኝና፣ አለማመኑ ግማሽ ሙገሳ መሰለኝ። ሙገሳው ግን ብርድ አላስጣለኝም።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ ከስልጤ መጥቶ ሮቤ ገበያ ልብስ የሚነግድ ሰው ነበር። እሱ እንደሚለው የገባው ሱቁን በተሳሳተ ቀን ስለዘጋ ነው። መተኛዬን አሳየኝና የቤቱን ሕግ ነገረኝ፦ ከውጭ የሚገባ ስንቅ የግል አይደለም። ጠያቂ ያለውም የሌለውም እኩል ይበላል።

በሩ ሥር፣ ነፋሱ በሚገባበት ቦታ፣ ኮት የለበሱ አንድ ጎልማሳ ተቀምጠው ነበር። ቦታውን ራሳቸው መርጠው እንደሆነ በኋላ ሰማሁ። ከጎባ በላይ፣ ወደ ሳነቴ በሚወጣው ተራራ ላይ ያለች ቀበሌ ሊቀመንበርና የወረዳ ምክር ቤት ተመራጭ ናቸው። ሁሉም ሊቀመንበር ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። በምን እንደገባሁ ጠየቁኝ፤ ግጥሙን በቃሌ አሰማኋቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ቧንቧው ለምን እንደደረቀ አልነገርከንም።»

ካቦው ከወዲያ ማዶ፣ «ይኸው ሌላ መርማሪ መጣብህ» አለኝ።

የእሳቸውን ጉዳይ በቀናት ውስጥ፣ በቁርጥራጭ ሰማሁ። በቀበሌያቸው ሁለት ሰፈር አለ። የላይኞቹ ከብት አርቢ ናቸው፤ የታችኞቹ ገብስ ያርሳሉ። ምንጩ ላይ ነው፤ ጥሙ ታች ነው። ከመመረጣቸው በፊት የታች ሴቶች ጄሪካን ተሸክመው ሽቅብ ይወጡና ከከብቶቹ ጋር ይጋፉ ነበር። ሊቀመንበር ቧንቧ አስመጡ፤ ጉድጓዱን ሁለቱም ሰፈር በአንድነት ቆፈረው። ከምንጩ በታች መክፈቻና መዝጊያ ተገጠመ። ጠዋት ውሃው ወደ ከብቶቹ ገንዳ፣ ከሰዓት ወደ ታች ይለቀቃል። ቁልፉ በሳቸው ኪስ ነበር። ሌላ ተመራጭ ለስብሰባ ከተማ ሲወርድ እሳቸው በቀን ሁለቴ ቁልፍ ሊያዞሩ ዳገት ይወጡ እንደነበር ሲነግሩኝ፣ በድካም ሳይሆን በናፍቆት ነው።

ከዚያ በወረዳው ምክር ቤት አንድ ሐሳብ ቀረበ፤ ውሃው ታች ሰፈር ሳይደርስ ተጠልፎ ለአንድ ባለሀብት የአትክልት እርሻ እንዲሰጥ። ሁሉም እጁን አወጣ። የሊቀመንበር እጅ ጉልበታቸው ላይ ቀረ። ለምን እንዳላወጡ ሲጠየቁ፣ «ሊነሳልኝ አልቻለም፤ ከበደኝ» ማለታቸውን ራሳቸው እየሳቁ ነው ያወሩኝ። ብዙም ሳይቆይ፣ ሁለቱን ሰፈር በውሃ እያጋጩ ነው ተብለው ተያዙ። ቁልፉም ከቀበቷቸው ጋር ጣቢያው ውስጥ ተቆለፈበት።

መርማሪው የነገራቸው ነገር አጭር ነበር፦ ሰዎቹ ከተጋጩ ማስረጃው እሱ ነው።

የጠያቂ ቀን ረቡዕና እሁድ ነው። ሁለት የሽቦ አጥር አለ፤ በመካከሉ ፖሊስ የሚመላለስበት ክፍተት። ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ምግብ ማውራት ይፈቀዳል። ሌላ ነገር የጀመረ ጠያቂ ይወጣል። ስንቅ ያመጣም ሰው ፖሊሱ ፊት መቅመስ አለበት፤ ሲውጥ ካየ በኋላ ነው ፖሊሱ «ይግባ» የሚለው።

አንድ ረቡዕ ለሊቀመንበር ሁለት ጠያቂ መጣ። ከላይ ሰፈር አንድ ሽማግሌ፤ ዱላቸውን በር ላይ ስለተቀበሏቸው እጃቸው የት እንደሚያርፍ ጠፍቶበታል። ከኋላቸው ግንባሩ በጨርቅ የታሰረ ትልቅ ልጃቸው ቆሟል። ከታች ሰፈር ደግሞ አንዲት አሮጊት፤ ሊቀመንበር አዴ ይሏቸዋል፣ እናቴ እንደማለት ነው። ሁለቱ የአጥሩን ሁለት ጫፍ ይዘው ቆሙ። ሽማግሌው ቅቤ የዋኘበት ገንፎ በቆሪ፣ በእንጨት ሳህን፣ ይዘዋል። አሮጊቷም ገንፎ ነው ያመጡት፤ የሳቸው ብዙ ነው፣ ግን ደረቅ ነው። ሁለቱም የየራሳቸውን ቀመሱ፤ ሁለቱም ሳህናቸውን ወደ ሊቀመንበር አቅጣጫ ዘረጉ። የማንን ቀድመው እንደሚቀበሉ ማየት ፈልገዋል።

ሊቀመንበር ዓይናቸውን ከልጁ ግንባር ላይ አላነሱም። ጤና መጠየቅ ይፈቀዳል።

«ግንባሩን ምን ሆኖ ነው?»

«ወድቆ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ» አሉ አሮጊቷ ከወዲያኛው ጫፍ፤ «እኛ ሰፈር ሲደርስ ወደቀ።»

ፖሊሱ ቀና አለ። ሊቀመንበር ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ለሁለቱም እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

«አባባ፣ አዴ፣ ደክማችሁ መጥታችኋል። ግን እኔ ከሁለት ቤት የመጣ ገንፎ አልበላም። በአንድ ዕቃ ስታመጡልኝ እበላለሁ።»

በዚያ አገር የተጣሉ ሰዎች ከአንድ ዕቃ አይበሉም። አብረው ከበሉ ጠቡ አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዱላ ማንሳት ነውር ነው። ይህን አጥሩ ሥር የቆመ ሁሉ ያውቃል። ፖሊሱም ያውቃል። ንግግሩ ስለ ምግብ ነው ወይስ ስለ ሌላ ነገር እያለ ሲያመዛዝን ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። በመጨረሻ ስለ ምግብ ነው ብሎ ወሰነ።

ሁለቱም ሳህኖች ሳይነኩ ተመለሱ። ቅቤው ከበሩ ሲወጣ ሽታው ለትንሽ ጊዜ እኛ ዘንድ ቆየ።

ክፍሉ ውስጥ ከፍተኛ ቅሬታ ተነሳ። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ረቡዕ ቅቤ አልቀምስም። ቢሆንም ተናደድኩ። ካቦው ግን የሁላችንንም ንዴት ሰብስቦ አቀረበው።

«ወላሂ ሊቀመንበር፣ ልክ አይደሉም። የመረጠዎት ሕዝብ ሌላ፣ የሚራበው ሕዝብ ሌላ። እኛ እኮ አልመረጥንዎትም።»

ሊቀመንበር ሳቁ። ይቅርታ ጠየቁን፣ ከልባቸው። ያን ቀን የደረሳቸውን ዳቦ ለካቦው ሰጡት። ካቦው እያጉረመረመ ተቀበለ፤ ግማሹን ቆርሶ መለሰላቸው።

ትንሽ ቆይቶ አጠገባቸው ስቀመጥ፣ ሁለቱ ሰፈሮች ቁልፉ ስለሌለ አንጥረኛ ጋ ሄደው የየራሳቸውን ቁልፍ እንዳሠሩ ነገሩኝ፤ ይህን ሚስታቸው ናቸው በሆነ መንገድ ያደረሱላቸው። አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው መጥቶ ይዘጋል። «የሚፈራው መታሰር አይደለም» አሉኝ። «አንድ ሰው ከሞተ ያ ውሃ ከእንግዲህ ለሁለቱም ደም ነው። ማንም ቁልፍ አያዞርበትም።»

እሁድ ማንም አልመጣም። ረቡዕም ማንም አልመጣም። ሊቀመንበር በጠያቂ ሰዓት ኮታቸውን ለብሰው፣ በሩ ሥር ቆመው፣ የሚጠራውን ስም ሁሉ ያዳምጣሉ። በመካከሉ መርማሪው አስጠራቸው። ሲመለሱ ምን እንዳላቸው ካቦው ጠየቀ። ወንበሩን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለው ቢፈርሙ ዛሬውኑ ቤታቸው እንደሚያድሩ ነግሯቸው ኖሯል።

«እና?» አለ ካቦው።

«ወንበሩ የኔ አይደለም አልኩት። ያስቀመጡኝ ሰዎች ያንሱኝ።»

ማንም አላጨበጨበም። ካቦው ለረጅም ጊዜ አያቸውና የራሱን ጋቢ አንስቶ በበሩ ስንጥቅ ላይ ወተፈው፤ ነፋሱ ቀነሰ። እኔ ወረቀት ስላልነበረኝ በጭንቅላቴ ስለ እጅ መክበድ ስንኝ እገጥም ነበር። አልሆነልኝም። እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል።

በቀጣዩ እሁድ ስማቸው ተጠራ። ከኋላቸው የወጣሁት እኔም ጠያቂ ስለነበረኝ ነው፤ እህቴ። እሷ ግን የዚያን ቀን ምን እንዳለችኝ አላስታውስም። ሁለታችንም ወደ ጎን ነበር የምናየው።

ሽማግሌውና አሮጊቷ ቆሪውን ግራና ቀኝ ይዘው መጡ። አንድ ሰው የሚሸከመው ዕቃ ነው፤ ግን አንዱ ለሌላው ማስረከብ የፈለገ አይመስልም። ገብሱ የታች ነው፤ ነጭ፣ በደንብ የተፈተገ። ቅቤው የላይ ነው፤ መካከሉ ላይ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ቆሟል።

«ቀማሹ ማነው?» አለ ፖሊሱ።

ተያዩ። ያመጣ ሰው ነው የሚቀምሰው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።

«ሁለታችንም ነን» አሉ አሮጊቷ።

«እንግዲያው ሁለታችሁም ቅመሱ።»

መጀመሪያ አሮጊቷ ከዳር ቆርሰው ቅቤው ውስጥ ነከሩ፤ ጎረሱ። ሽማግሌው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፣ ከዚያው ጠርዝ ቆረሱ፣ ነከሩ፣ ጎረሱ። ልጃቸው ከኋላ ቆሟል፤ ጨርቁ ከግንባሩ ወርዷል፣ ቁስሉ ድኗል። አጥሩ ሥር የነበረው ወሬ ሁሉ ቆመ። አሮጊቷ ዝምታውን አልወደዱትም መሰለኝ።

«ቅቤ አይሰስቱም» አሉ ወደ ሽማግሌው እያዩ፤ «ውሃ ነው እንጂ የሚሰስቱት።»

ውሃ የሚለው ቃል እዚያ አጥር ሥር የሚባል አልነበረም። ሁላችንም ወደ ፖሊሱ ዞርን። እሱ ወደ መሬት አየ፤ ቀበቶውን አስተካከለ።

«ውሃውስ?» አለ። «እየደረሰ ነው?»

«ጠዋት ለከብት፣ ከሰዓት ለሰው» አሉ ሽማግሌው። «እንደ ድሮው። የተረፈውን ቁልፍ አንጥረኛው ወስዶታል።»

ፖሊሱ ራሱን ነቀነቀና ራቅ ብሎ ሄዶ ሌላ ሰው ፈተሸ።

ሊቀመንበር ቆሪውን ተቀበሉ። አስቀመጡት። የኮታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ፤ ለስብሰባ እንደሚገባ ሰው። ከላስቲክ ጠርሙሱ እጃቸው ላይ ውሃ አፈሰስኩላቸው። ቢስሚላህ ብለው፣ ወደ ክፍሉ ሳይገቡ፣ እዚያው ቆመው፣ ሁለቱ እያዩዋቸው ጎረሱ። በዝግታ አላመጡ። ከዚያ ብቻ ነው «ተመስገን» ያሉት።

የቀረውን ክፍሉ ውስጥ ከበን በላነው። ካቦው የቆሪውን ታች በጣቱ እየጠረገ፣ ቀና ሳይል፣ «ሊቀመንበር» አለ፤ «አሁን መረጥንዎት።»

ብዙም ሳይቆይ፣ ምክንያቱ ሳይነገራቸው፣ ዕቃዎን ይያዙ ተባሉ። ምክር ቤቱ በቦታቸው ሌላ ሰው አስገብቶ እንደነበር ያወቁት ከወጡ በኋላ ነው። የእርሻው ሐሳብ ግን ሁለቱ ሰፈሮች አብረው ወረዳ ድረስ ወርደው ስለተቃወሙት ቆመ። ኮታቸውን ለኔ ትተውልኝ ነበር የሄዱት። እኔ ስፈታም ለሌላ ተውኩት፤ ዛሬ ማን እንደለበሰው አላውቅም።

አሁን ጎባ ነው የምኖረው፤ ያንኑ ሻይ ቤት እመላለሳለሁ። የቧንቧውን ግጥም አርሜዋለሁ፤ ለምን እንደደረቀም ተናግሬያለሁ። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ወደ ላይ ወጣሁ። አዲሱ ተመራጭ ከተማ ናቸው ተባልኩ። ሊቀመንበርን ያገኘኋቸው ምንጩ አጠገብ፣ ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው የላላ ብሎን ሲያጠብቁ ነው። ማንም አልላካቸውም። ቁልፉን አዙረው ውሃው ወደ ታች ሲሄድ ጆሯቸውን ቧንቧው ላይ አድርገው ሰሙ፤ እኔንም አሰሙኝ።

ቤታቸው ገንፎ ቀረበልን። እጃችንን ታጠብን። እጄን ልሰድ ስል «ቆይ» አሉኝ፤ ከዳር ቆረሱ፣ ቅቤው ውስጥ ነከሩ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ጎረሱ። ሚስታቸው እንግዳ እያለ ቀድመው በመጉረሳቸው አፍረው ገሠጿቸው። እኔና እሳቸው ግን መሳቅ ጀምረን ነበር። ሊቀመንበር አላመጡ፣ ዋጡ፣ ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት።

«አሁን ይግባ» አሉ።