የካፒቴኑ ሞረድ

የባሌ አባት አሮጌ የጦር ሽጉጥ ይሰበስቡ ነበር። ሲሉት ትልቅ ነገር ይመስላል። አቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ በነበረችው ቤታችን ግን ስብስቡ ማለት ከአልጋቸው ሥር የሚቀመጥ አንድ የሳሙና ሳጥን ነው። አፈሙዝ የሌለው እጀታ፣ እጀታ የሌለው አፈሙዝ፣ ባለቤቱ የጠፋ ቃታ፤ ቤት በጠረግኩ ቁጥር ይንኳኳል። ሙሉ ሆኖ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አንድ ብቻ ነበር፤ የጣልያን መኮንን ሽጉጥ። ታሪኩን ሰፈሩ በቃሉ ያውቀዋል። አባባ በአርበኝነታቸው ዘመን አንድ ካፒቴን ጥለው፣ ገና ትኩሱን ከእጁ ፈልቅቀው የወሰዱት ነው።

ሰፈሩ የሚያውቀው፣ ግን የማይናገረው ሌላም ነገር ነበር። የጎረቤት ቁልፍ ሲበላሽ እኛ ቤት ይገባል፤ በማግስቱ ተሠርቶ ይወጣል። እኛ ቤት ግን ቁልፍ የሚሠራ ሰው የለም። ባሌ ለገሃር ባቡር ሲጠግን ይውላል። አባባ ደግሞ በራቸውን ዘግተው ጸሎት ላይ ናቸው። ጸሎታቸው የሞረድ ድምፅ ነበረው። እሳቸው በተወለዱበት አገር ብረት የሚሠራ ሰው ቡዳ ይባላል፤ ልጅ አይዳርለትም፣ ከማዕድ አይቆረስለትም። ሰው መግደል ያስከብራል። የሚገደልበትን መሣሪያ ማደስ ያዋርዳል።

ነገሩን የቆሰቆሰው የኔ ትምህርት ነው። ልጆቼን ትምህርት ቤት ካስገባሁ በኋላ እኔም የማታ ትምህርት ገባሁ። ፊደልና ቁጥር እንደ ለየሁ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ሆነ ሥራዬ፤ የክብሪት ቀፎ፣ የስኳር ከረጢት፣ የፉርጎ ጎን። አንድ ቀን የአባባ የጽዋ ማኅበር እኛ ቤት ወጣ። ጎረቤታችን፣ አያት ቅድመ አያታቸው አቃቂ ያረሱ ነገረኛ ሽማግሌ፣ ሽጉጡን ከግድግዳ አውርደው ሰጡኝ።

«እስቲ ተማሪዋ፣ ይኼ ጣልያን ምን ብሎ ጽፏል?»

አነበብኩ። እጀታው ላይ አንድ ቁጥር፣ አፈሙዙ ላይ ሌላ ቁጥር፣ የላይኛው ብረት ላይ ደግሞ ከሁለቱም የማይገናኝ ሦስተኛ ቁጥር። ድምፄ ዝቅ ያለ ነው፤ ያን ቀን ግን ጠላ የያዘ ሁሉ ሰማኝ።

«የኔ መሣሪያ ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ነው» አሉ ጎረቤትየው። «አንተ ሰው፣ ካፒቴንህ ሦስት ሰው ነበር እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባባ ብቻ አልሳቁም። «አዋቂ ይየው!» አሉ።

«አዋቂማ አለ። ፒያሳ አሮጌ የጦር ዕቃ እየገመተ የሚገዛ አርመን አውቃለሁ። ለሚቀጥለው ማኅበር ይዤልህ እመጣለሁ።»

ከዚያ ወዲህ አባባን እህል አስጠላቸው። ልለምናቸው ብገባ «ሽጉጡ አይምሰልሽ ልጄ፣ የሚገመተው ቃሌ ነው» አሉኝ።

ባሌ አባቱን ይወዳል። መውደዱን የሚገልጸው ግን በአፉ አይደለም። እነሱ ጥገና ክፍል እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የባቡሩ ቁጥር ይመታበታል። ከሞተ ባቡር ተፈትቶ ለሌላው የገባ ዕቃ የድሮ ቁጥሩ ይሞረድና አዲሱ ይመታበታል፤ አለዚያ የተሰረቀ ይመስላል። እናም አንድ ጠዋት ሽጉጡን ምሳ ዕቃው ውስጥ ከእንጀራው ጎን ሸጉጦ በባቡር ይዞት ሄደ። ሲመለስ ካፒቴኑ አንድ ሰው ሆኗል።

«ተስተካከለ» አለኝ፣ ፍሬን እንደ ጠገነ ሰው።

አገላብጬ አየሁት። ሦስቱም ብረት ላይ አንድ ቁጥር ተመቷል፤ አመታቱ ግን የፉርጎ ነው፤ ወፋፍራም፣ ሰባቷም ወገቧ ላይ መስመር የታጠቀች።

«የጣልያኑ ሰባት መታጠቂያ አልነበራትም» አልኩት።

«ማን ያያል?»

«የሚመጣው እኮ ማየት ሥራው የሆነ ሰው ነው።»

የማኅበሩ ቀን ማኅበርተኛው ለማየት ብሎ እኛ ቤት ተሰበሰበ፤ አርመኑም መጡ። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ አማርኛቸው ከኛ የጠራ ነው። ሽጉጡን ወደ ብርሃን አዞሩትና እንደ ታመመ ሰው ቃተቱ።

«ማነው ይሄን የነካው?»

ባሌ ጫማውን አየ።

«ቁጥሩ ተሞርዷል። ሦስት ቁጥር ነበረው ብለውኛል፤ እንዳለ ቢቆይ ምን ነበር? ሦስት የተሰበረ ሽጉጥ ጫካ ውስጥ አንድ ሆኖ ሲተኩስ፣ ቅርስ እሱ ነው። ይሄ አሁን ፉርጎ ነው።»

«ታዲያ ሙሲዬ፣ ምን ያወጣል?» አሉ ጎረቤትየው፣ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው።

«ምስማር ይመታል።»

አባባ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። አርመኑ ግን ሽጉጡን አልመለሱትም። ፈቱት፤ መነጽራቸውን ወደ ውስጡ አስጠጉ። ከዚያ ከቃታው ሥር አንዲት ትንሽ መንጠቆ አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡ።

«ይቺ የማጭድ ብረት ናት። በእጅ ተሞርዳ የገባች። ከጎኗ ፀጉር አያልፍም። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም። ለዚህ እጅ ስል እገዛዋለሁ። ማነው የሠራው?»

ሁሉም ወደ አባባ ዞረ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። በዕድሜያቸው ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ያላመሰገነው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል። ምስጋናው ደጃቸው ደርሶ ነበር፤ «እኔ ነኝ» ብለው ቢያስገቡት ግን ካፒቴኑ ይሞታል፤ ይኼኛው ሞቱ ደግሞ የምር ነው። ማኅበርተኛውስ ከእሳቸው ጽዋ ይጠጣ ይሆን?

«ካፒቴኑ ነዋ» አሉ በመጨረሻ።

«ካፒቴኑ?»

«ስደርስበት ሞረድ ይዞ ነበር።»

ጎረቤትየው አፋቸውን ከፈቱ። የገዛ በራቸው ቁልፍ፣ በቅርቡ እኛ ቤት ገብቶ የወጣው፣ ትዝ ብሏቸው እንደሆነ እንጃ፤ መልሰው ዘጉት።

«እንግዲያስ ጎበዝ ጣልያን ነበር» አሉ ረጋ ብለው። «እጁን አፈር አይብላው።»

«አሜን» አሉ አባባ፣ ቶሎ። ወደ አርመኑ ዞረውም «አይሸጥም» አሉ።

እንግዶቹ ሲወጡ ባሌ እንደ ተከሳሽ ቆሞ ቀረ። አባባ ሽጉጡን መስኮቱ ጋ ወስደው ቁጥሮቹን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«አሞራረድህ ደኅና ነው» አሉት። «ሰባቷ ግን ጋደል ብላለች። ካፒቴኑ ቢሆን እንዲህ አይመታም ነበር።»